የሚጠቅመው ክፍል

«እስቲ ወደ ብርሃኑ ይምጡ፣ ጋሽ ሕዝቅያስ» አለች ሩሐማ፤ ክንዳቸውን ይዛ ከአይጦቹ ክፍል ወደ በራፉ እየሳበቻቸው።

«ምነው ዶክተር፣ እኔንም እንደ አይጦቹ ልትመዝኚኝ ነው?»

ውስጥ በአምፖሉ ብርሃን ሁሉም ነገር ቢጫ ይመስል ነበር፤ ግድግዳው፣ በየሳጥኑ የተነጠፈው ሰጋቱራ፣ የአይጦቹ ነጭ ጀርባ ሳይቀር። አምፖሉ ነው ብላ ራሷን ለማታለል ለአፍታ ሞክራ ነበር። በራፉ ላይ ግን የሐዋሳ የረፋድ ፀሐይ ፊት ለፊት ታበራለች። የሽማግሌውን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አደረገች። የዓይናቸው ነጭ፣ ነጭ አልነበረም።

እጇን ቀስ ብላ መለሰች። ይህን ቀለም ታውቀዋለች። ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ ቤቷ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ትራስ ላይ፣ በየጠዋቱ እየደመቀ ሲሄድ አይታዋለች።

«ወፏ ሳትነካኝ አልቀረችም» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ እየሳቁ። «እኛ የወፍ በሽታ ነው የምንለው። እናንተ የተማራችሁት ምን እንደምትሉት እንጃ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ዓይኔን በምን አየዋለሁ? ሽንቴ ግን ከእሑድ ወዲህ ኮካ መስሏል።»

«ምን ወስደዋል?»

ጋሽ ሕዝቅያስ ወደ ሳጥኖቹ ዞር አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቤተ ሙከራውን አይጦች ያበሉ፣ ያጠጡ፣ ሰጋቱራቸውን የለወጡ ሰው ናቸው። ዛሬ በስምንት ሰዓት ጥናቱን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሲመጣ እንስሳቱን የሚያስጎበኙት እሳቸው ስለሆኑ አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የአንገቱ እጥፋት ገና አልለቀቀም።

«ያንቺን ጠርሙስ አልነካሁም» አሉ። «ጌታ ያውቃል፣ አንድ ጠብታ አልነካሁም። ግን አንቺው ፍረጂ። ስኳር ያለበት አይጥ ሰባት ቁጥርን እየጠጣ ስኳሩ ሲወርድ፣ ጉበቱ ሲታደስ በየቀኑ እያየሁ፣ እኔ ስኳሬን ታቅፌ ልቀመጥ? ከአይጥ አንሼ ነው?»

ሰባት ቁጥር በቤተ ሙከራው ውስጥ የዚያ ቁጥቋጦ ስም ነው። የሳይንስ ስሙ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ሰው ግን በናሙናው ቁጥር ለምዶታል።

«ከየት አገኙት?»

«ከባለቤቷ ነዋ፣ ከእማማ አባይነሽ። ናሙና ልንለቅም ስንሄድ ቤታቸውን ያሳየሽኝ አንቺው አይደለሽ? ዛሬ ሦስት ሳምንት ሞላኝ። ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ አንድ ስኒ።»

ከኪሳቸው የደብተር ወረቀት ጥቅል አውጥተው ሰጧት። ስትፈታው ዱቄቱ ቡናማ ነበር።

የቤተ ሙከራው ሰባት ቁጥር አረንጓዴ ነው። ይህን ልዩነት ዛሬ አይደለም ያየችው። ያኔ፣ ባሏ ደረሰ ስኳር በታመመ ጊዜ፣ ከእማማ አባይነሽ ቤት በእንዲህ ያለ ወረቀት የተጠቀለለ እንዲህ ያለ ቡናማ ዱቄት በገዛ እጇ ወስዳለታለች። በኋላ ጥናቱን ስትጀምር የቀለሙን ነገር አስባበት ነበር፤ እሳቸው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ እኛ ጥላ ውስጥ እናደርቃለን፣ ፀሐይ ደግሞ ቅጠል ታጠወልጋለች ብላ አለፈችው። በቂ ምክንያት ነበር። ያን ጊዜ በቂ ምክንያት ያስፈልጋት ነበር።

«እዚህ ይቀመጡ። እንዳይንቀሳቀሱ» አለቻቸው።

ከዱቄቱ በመርፌ ጫፍ ቆንጥራ መስታወት ላይ በጠብታ ውኃ በተነችውና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አለች። ቅጠል የቱንም ያህል ቢፈጭ ምልክቱን አይተውም፤ ከንፈር የመሰሉ ትናንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ በየስብርባሪው ላይ ይታያሉ። መስታወቱን ወደ ግራ ገፋች፣ ወደ ቀኝ ገፋች። አንድም ከንፈር የለም። የእንጨት ክሮች፣ በመካከላቸው ደግሞ ክብ ክብ ፍሬዎች። አዮዲን ጠብ አደረገችበት። ፍሬዎቹ ጥቁር ሰማያዊ ሆኑ። ምግቡን እንዲህ በስታርች የሚያከማች ሥር ነው።

መደርደሪያው ላይ ፋይሉ አለ። የመጀመሪያው ቅጽ በራሷ እጅ የተሞላ ነው፤ «የሚጠቅመው ክፍል፦ ቅጠል»። የሁለት ዓመት ተኩል ሥራ በዚያ አንድ ቃል ላይ ተከምሯል። ቅጠሉ ስኳር ያወርዳል፤ ቅጠሉ የተጎዳ ጉበት ይጠግናል። መልካም ውጤት በመጣ ቁጥር ባልደረቦቿ ሲያጨበጭቡ እሷ ሌላ ነገር ትሰማ ነበር፤ አንቺ ያመጣሽለት አልገደለውም፣ አንቺ ያመጣሽለት አልገደለውም። ዛሬ ኮሚቴው በሰው ላይ እንዲሞከር የሚያጸድቀው ወረቀት ደግሞ «በአካባቢው ሕዝብ ለረጅም ዘመን ያለ ጉዳት ሲጠጣ የኖረ» ይላል። ይህንንም የጻፈችው እሷ ናት።

ወደ ሆስፒታል በሚወስዳቸው ባጃጅ ውስጥ ጋሽ ሕዝቅያስ አላረፉም።

«ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እንመለሳለን አይደል? ያ ጆሮ ቆራጣው አይጥ ከእኔ ሌላ ሰው ሲይዘው ይነክሳል። ኮሚቴውን ነክሶ ያሳፍርሻል።»

«እንመለሳለን።»

«ፊትሽ እንደሱ አይልም።»

መናኸሪያ ሰፈር ሲደርሱ ሾፌሩን ወደ እማማ አባይነሽ ቤት እንዲታጠፍ ነገረችው። ሐኪሙ ምን እንደጠጡ ይጠይቃል፣ አረጋግጠን እንሂድ አለቻቸው። እውነት ነበር፤ ግን በሩን ያንኳኳችው ለሐኪሙ ብላ ብቻ አልነበረም።

እማማ አባይነሽ ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፈው፣ በቢላ ይከትፋሉ።

«ውይ ሩሐማዬ! አንቺስ ጠፋሽ። ሕዝቅያስ፣ ምነው ፊትህ ገረጣ?»

«እማማ፣ ለእሳቸው የሰጡት ምኑን ነው?»

«ቅጠሉን ነዋ።»

«የቱን ክፍሉን?»

«ቅጠል አልኩሽ እኮ!» ቢላውን ወደ ጆንያው ጠቆሙ። አፈር ያልለቀቃቸው፣ ጣት ጣት የሚያህሉ ግራጫ ነገሮች ተከምረዋል።

«ይሄ ሥር ነው።»

«ሥሩ ነዋ! ታዲያ ሥሩ ቅጠል አይደለም? ሥሩም ቅጠል ነው፣ ልጡም ቅጠል ነው። መድኃኒት የሆነ ሁሉ ቅጠል ነው። ሰዉ እኔን ቅጠል በጣሽ እያለ ይሰድበኝ የለ? ሥር በጣሽ ያለኝ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» ሳቅ አሉ። «ተማሪዎችሽ ያን ቁጥቋጦ መልምለው በኬሻ ሲሸከሙ፣ ይሄን የፍየል ምግብ ምን ሊያደርጉት ነው እያልኩ ስስቅ ነው የከረምኩት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ? የተማሩ ናቸው፣ ያውቁታል አልኩ።»

«እንግዲህ አይጦቹ በፍየል ምግብ ነው የዳኑት!» አሉ ጋሽ ሕዝቅያስ። ሳቃቸው በግማሹ ተቆረጠና የአጥሩን ቋሚ ያዙ።

«አትደንግጪ እንጂ» አሉ እማማ አባይነሽ የሩሐማን ፊት እያዩ። «ያንቺን ሰው ያዳነ ሥር አይደለም እንዴ? ለሚመጣው ሁሉ እኮ ስለሱ ነው የማወራው። የዶክተሯ ባል እንኳ የዳነው በዚህ ነው እላለሁ። አሁን ደህና ነው አይደል?»

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት፣ ለጥናቱ መጀመሪያ እዚህ ግቢ ስትገባ፣ አሮጊቷ በሩ ላይ «ተሻለው?» ብለው ነበር የተቀበሏት። ከኋላዋ ተማሪዎቿ ቆመዋል። ደረሰ ከሞተ ስድስት ወሩ ነበር፤ የሰው ማጽናኛ መስማት ሰልችቷት፣ አንዲት አሮጊት ደረቷን ስትመታ ማየት ፈርታ፣ «ደህና ነው» አለች። ሁለት ቃል። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር ያንኑ ደገመችው፤ በመጨረሻ እንደ ሰላምታ ሆነ።

ጋሽ ሕዝቅያስ አጥሩን እንደያዙ ዞረው አዩዋት። የደረሰን ድንኳን ከተከሉት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

«አልዳነም፣ እማማ» አለች ሩሐማ። «ሞቷል። ይህን መጠጣት በጀመረ በአርባ ቀኑ ውስጥ።»

ቢላው ቆመ። አሮጊቷ ደረታቸውን አልመቱም። በእጃቸው የያዙትን ሥር አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ጆንያ ላይ ሳይሆን ራቅ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«በዚህ ወር ብቻ ለአራት ሰው ሰጥቻለሁ» አሉ ድምፃቸው ቀጥኖ። «ሁለቱ አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጡ እኅትማማቾች ናቸው። ለምን ደህና ነው አልሽኝ ልጄ?»

አሮጊቷ መልስ አልጠበቁም፤ ነጠላቸውን ከገመዱ ላይ ስበው ተነሡ። «ቤታቸውን የማውቀው እኔ ነኝ። አንቺ እሱን ይዘሽ ሂጂ።»

ከመናኸሪያ ሲወጡ ስልኳ ጮኸ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መክብብ ነው።

«የት ነሽ ሩሐማ? እንግዶቹ ፒያሳ ምሳ እየበሉ ነው፤ በስምንት ሰዓት እዚህ ናቸው።»

«ወረቀቱ ላይ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር ስህተት ነው። ያለ ጉዳት የሚለው።»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ነው? ይታረማል እኮ! ለዚህ ነው?»

«ሌላው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው። እንዳያጸድቁት ንገራቸው፤ ስመለስ እኔው እነግራቸዋለሁ» ብላ ዘጋችው።

በሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ወጣት ሐኪም ሙንተሃ ትባላለች። ደም አስቀዳች፣ ሆዳቸውን ዳሰሰች፣ የወረቀት ጥቅሉን ተቀብላ አሸተተችው። ከዚያ ሩሐማን በሩ አጠገብ ወዳለው መቀመጫ ወሰደቻት።

«ምን እንደጠጡ ማወቅዎ ትልቅ ነገር ነው» አለች። «ብዙ ሰው ይደብቀናል። ግን ይህን ሥር መጽሐፍ ላይ አላገኘውም። ወዴት እንደሚሄድ ባውቅ ዛሬውኑ ወደ አዲስ አበባ ልላካቸው ወይስ እዚህ ልጠብቅ የሚለውን እወስን ነበር። ይህንኑ የጠጣ ሌላ የሚያውቁት ሰው አለ?»

ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ሐኪም፣ የባህል መድኃኒት ወስዶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠይቋት ነበር። ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው አይወስድም ያለችው። ዶክተር ሩሐማ ከቅጠል በጣሽ ቤት በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ለባሏ ገዛች መባሉን፣ በዚያች ደቂቃ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ ይበልጥ ፈርታው ነበር።

«አለ» አለች።

ሙንተሃ እስክሪብቶዋን ከፈተች። ሩሐማ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ድምጿ ሲወጣ በቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ የምትጽፍበት ድምፅ ሆኖ ወጣ።

«ወንድ። አርባ ሰባት ዓመት። በመጀመሪያው ሳምንት ደህና ነበር፣ ምግብም ይፈልግ ነበር። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሽንቱ ጠቆረ። በሃያ አንደኛው ቀን ዓይኑ።»

ከውስጥ ከነርሷ ጋር ይቀልዱ የነበሩት ጋሽ ሕዝቅያስ ፊታቸውን ወደ እነሱ አዙረዋል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ሩሐማ ልትዘጋው ብድግ አለች። ሽማግሌው ግሉኮስ የተሰካበትን እጃቸውን ከአልጋው ላይ ከፍ አደረጉ።

«ተይው» አሉ። «ልስማው።»

ተመልሳ ተቀመጠች።

«በሃያ አራተኛው ቀን ሌሊትና ቀኑ ተቀላቀለበት» አለች። «ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ቁጭ ብሎ ያድራል። ስሜን ያውቀዋል፤ ግን ሲጠራኝ ይዘገይ ጀመር።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሮጠ፤ ከዚያ ቆሞ ጠበቀ።

«ከዚያስ?» አለች ሐኪሟ።