የጋሼ ወጌሻ

ጋሼ የሚቆጡ ሰው ቢሆኑ ይሻለኝ ነበር። የሚቆጣ ሰው መምጫው ይታወቃል። የክለባችን ፕሬዚዳንት ግን ሲያስፈራሩ እንኳ ፈገግ ብለው፣ "ልጄ" እያሉ ነው።

የፍጻሜው ጨዋታ ሊጀመር ሲል የህክምና ክፍሌ ድረስ መጡ። ፋሻ እየጠቀለልኩ ነበር። በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

"ልጄ፣ ዛሬ ኤሊ ከሜዳ እንዲወጣብኝ አልፈልግም።"

ኤሊ አጥቂያችን ነው። የሚቀድመው ስለሌለ ጓደኞቹ ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው።

"ካልተጎዳ ለምን ይወጣል፣ ጋሼ?"

"ቢጎዳም ነው የምልሽ።" ፈገግ አሉ። "የዘንድሮውን የነፃ ትምህርት ዕድል ለመዝጊያ ልሰጣት አስቤያለሁ። ከጨዋታው በኋላ እናወራለን።"

መዝጊያ የምንላት ልጅ የሴቶቹ ቡድን በረኛ ነበረች። ጉልበቷ እምቢ ብሏት መጫወት ካቆመች ወዲህ ከእኔ ጋር ትውላለች፤ እንደኔ ወጌሻ ከመሆን ሌላ ምኞት የላትም። እኔንም ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። በወንዶች ቡድን ተጠባባቂ ወንበር ላይ የተቀመጥኩ የመጀመሪያዋ ሴት የሆንኩት በዚያ ዕድል ነው፤ ያለሱ ዛሬም የክለቡ ማሊያ አጣቢ ነበርኩ። አልክድም፣ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ አይደለሁም። ግን ውለታው አንድ ቀን እንዲህ አንገቴን እንደሚያንቀኝ ማን ነግሮኝ?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዕረፍት መልስ ኤሊ ለማዕዘን ምት ዘሎ ከተከላካዩ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጨ። ድምፁ ወንበራችን ድረስ ተሰማ። ቦርሳዬን ይዤ ሮጥኩ፤ መዝጊያ ውሃ ይዛ ተከተለችኝ።

በጀርባው ተንጋሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

"ኤሊ፣ ስንት ለስንት ነን?"

"እናቴ መጥታለች?" አለኝ።

እናቱን የቀበርነው አምና ነው።

"እትዬ፣ ኧረ ይሄ ልጅ ደህና አይደለም!" አለች መዝጊያ።

በሜዳ ላይ ወጌሻ የሚናገረው በእጁ ነው። አውራ ጣቱን ካነሳ ተጫዋቹ ይቀጥላል፤ ሁለት እጁን በአየር ላይ ካሽከረከረ ይቀየራል። አሰልጣኙ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። ጋሼ ከክብር መቀመጫቸው ተነስተው ቆመዋል።

እጆቼን አሽከረከርኩ።

አሰልጣኙ ቀና ብሎ ጋሼን አየና እንዳላየኝ ሆነ። ደግሜ አሽከረከርኩ፤ ከወንበሩ የተነሳ ተቀያሪ የለም። ኤሊ ሊነሳ ሲፍጨረጨር ደረቱ ላይ እጄን ጭኜ ሳሩ ላይ ዘፍ አልኩ።

"ዳኛ፣ ይህ ልጅ ካልወጣ እኔም ከዚህ አልነሳም!"

ተመልካቹ የስድብ መዓት አወረደብኝ። ይስደበኝ። ዳኛው ቃሬዛ አስጠራ፤ ኤሊ በአምቡላንስ ሄደ፤ እኛም ተሸነፍን።

የህክምና ክፍሉን እያስተካከልን ሳለ ሐኪሙ ከሆስፒታል ደወለ። መዝጊያም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል፣ ቶሎ ባይደርስ ኖሮ አይተርፍም ነበር፣ አለን። ሁለታችንም አለቀስን።

እንባችን ሳይደርቅ ጋሼ ገቡ። የሆነውን ነገርኳቸው።

"ተመስገን ነው" አሉ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ልጄ።"

የጠሩት እኔን አልነበረም። ፊታቸው ወደ መዝጊያ ነው።

"ዛሬ እሷን ብትሆኚ ኖሮ ምን ታደርጊ ነበር?"

ፎጣ ማጠፏን አቆመች። አየችኝ። ንገሪያቸው እንጂ፣ አልኩ በልቤ፤ አይተሽ የለም ወይ፣ ሰምተሽ የለም ወይ።

"ጋሼ ያሉኝን" አለች።

"ጎበዝ!" ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። "በይ እንግዲህ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ስትመለሺ ይህ ክፍል ያንቺ ነው።" እኔን በፈገግታ ተሰናብተው ወጡ።

መዝጊያ ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። "እትዬ፣ ሌላ ማን ያስተምረኛል?"

ልቆጣት ፈልጌ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣልኝም። በመስኮቱ በኩል የታዳጊው ቡድን ልጆች ባዶው ሜዳ ላይ እየተሳሳቁ ኳስ ሲጠልዙ ይታየኛል። እሷ ተምራ እስክትመለስ ለዋናው ቡድን ይደርሳሉ።