ቀዮቹ ድንጋዮች

"የወንዙን ድንጋይ ቀይ የቀባሽብን አንቺ ነሽ?"

የወንዝ ተመራማሪዋ ዕድላዊት እስከ ጉልበቷ ወንዝ ውስጥ እንደቆመች ቀና አለች። ዳር ላይ ኦቦ ደገፋ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ያሉት ወጣቶች የመኪናውን ቁልፍ ከሾፌሯ ተቀብለዋል። አዲስ አበባን በገበሬው መሬት ላይ ያሰፋል የተባለው የማስተር ፕላን ነገር ቡራዩን ያናወጠበት ሰሞን ነው፤ እሷ ደግሞ በዚህ ሰሞን ድንጋይ ፍለጋ ወጥታለች። ቀን መምረጥ ታውቅበታለች!

"እኔ ነኝ፣ አባቴ" አለች። "ክረምት ሳይገባ ወንዙ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ደርድሬያቸው ነበር። የት ሄዱ?"

"ለቀምናቸዋ! የሚፈርስ ቤት በቀይ አይደል ምልክት የሚደረግበት?" ኦቦ ደገፋ በዱላቸው የድንች ማሳቸውን አሳዩ። ከላይ ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ወንዙ እየከሳ የለቀቀላቸው መሬት ነው። "ይቺን ልትወስዱብኝ ነው።"

"መሬት አልለካም። ግድቡ ጎርፉን ስለያዘው ወንዙ ድንጋይ መግፋት አቅቶት እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት።"

"አሪፍ ተረት ነው" አለ አንዱ ወጣት።

ዕድላዊት ፈራች። ይበልጥ ያንገበገባት ግን የድንጋዮቹ ነገር ነው፤ ከየት እንደተነሡ ካልታወቀ ልፋቷን ውሃ በላው።

"ስትለቅሟቸው ወደ ታች ወርደው ነበር?"

"ወዴት ይወርዳሉ?" አሉ ማሳው ውስጥ የሚኮተኩቱት የኦቦ ደገፋ ባለቤት፣ አዴ ወርቅቱ። "ልብስ የማጥበው እዚያው ነው። ክረምቱን ሙሉ እንደደረደርሻቸው ተጎልተው ከረሙ። ወሬው ሲመጣ ነው ያነሣናቸው።"

"አንድም አልሄደም?"

"አንድም!"

ዕድላዊት ሳታስበው እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኦቦ ደገፋ ትኩር ብለው አዩዋት።

"መሬት ሊወስድ የመጣ ሰው ድንጋይ አልተነቃነቀም ተብሎ እንዲህ አይደሰትም" አሉ። "ቁልፉን መልሱላት።"

እፎይ አለች። ድንጋዮቹ አጥር ሥር ተከምረው አገኘቻቸው። ሦስቱ ግን የሉም። ጓዳ ብቅ ስትል ጉልቻ ሆነው ድስት ተሸክመዋል፤ በጥላሸቱ መሀል ቀያቸው ይታያል።

አዴ ወርቅቱ አፈሩ። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ቆይ ድስቱን ላውርደውና ውሰጂ።"

"ይተዉት፣ እማማ። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ከቦታቸው ተነቃንቀው ጓዳ የደረሱት እነዚህ ብቻ ናቸው።"

ኦቦ ደገፋ ዱላቸውን ተደግፈው ሳቁ። ዕድላዊትም የቀሩትን ድንጋዮች መኪናው ላይ አስጫነች። ማንንም እንዳያስደነግጡ ለሚመጣው ክረምት ነጭ ልትቀባቸው ወሰነች፤ በሩ ሙሉ ቀይ ከሆነ የማፍረሻ ምልክት አይታይበትም ብላ፣ የተረፈውን ቀይ ቀለም ለአዴ ወርቅቱ በር መቀቢያ ትታላቸው ሄደች።