ከእናቱ አልጋ በላይ
አናጢው ሲባጎውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወጥሮ ቀና ሲል ላብ አጠመቀው። የእናቱ ክፍል ኮርኒስ መሃሉ ላይ ከዳሩ ይልቅ ሁለት ጣት ወደ ሲባጎው ዝቅ ብሏል። ባለፈው ወር አንድ ጣት ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት እንጨት የላገ ሰው ይህን ለማንበብ መነጽር አያስፈልገውም። ከኮርኒሱ በላይ የእሱ ክፍል አለ፤ መጻሕፍቱ አራቱን ግድግዳ ሞልተው፣ የተረፉት ወለሉ ላይ እስከ ወገብ ተቆልለዋል። ከኮርኒሱ በታች ደግሞ የእናቱ አልጋ።

ሥራ ቦታ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ደስ ይለዋል፣ ምን ያድርግ። እውነቱን ግን እሱና የክፍሉ በር ያውቃሉ። በሩ ላይ በገዛ እጁ ጽፎ የለጠፈው ወረቀት አለ፦ «በወር ሁለት መጽሐፍ አነባለሁ። ሦስት ሳልጨርስ አንድ አልገዛም።» ይኸው ስምንት ወሩ። ያነበበው አንድ ተኩል፣ የገዛው አርባ አንድ። አዲስ መጽሐፍ አቅፎ ደረጃውን ሲወጣ፣ ያነበበው ያህል ደረቱ ይነፋል፤ አስቀምጦት ሲወርድ ይረሳዋል።

«ምን እየለካህ ነው?» አሉት እናቱ ከአልጋቸው ላይ።

«ቀለም ልቀባልሽ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እውነቱን ቢናገር «ታዲያ አውርዳቸዋ» መባሉ አይቀርም። ያቺን ቃል ነው የፈራው። እናቱን እንዳያዛውር ከታች ያለው ይህ ክፍልና ኩሽናው ብቻ ነው፤ ደረጃ ለመውጣት ደግሞ ጉልበታቸው እንቢ ካለ ቆይቷል። ነገ ለኮርኒሱ ድጋፍ አቆምለታለሁ አለ። ነገ ዛሬ ሲል ሁለት ሳምንት አለፈ። ፍርሃቱ ግን ነገን አልጠበቀም። ሥራ ላይ ጣውላ ወድቆ ጧ ባለ ቁጥር ልቡ ስንጥቅ ይላል፣ መላጊያውን ጥሎ ስልኩን ያነሳል።

«የት ነሽ፣ እማዬ?»

«አልጋዬ ላይ ነኛ፤ የት እሄዳለሁ?»

«ፕሮፌሰር፣ ሙሽራ አገባህ እንዴ፣ በየሰዓቱ ስልክ?» እያሉ ባልደረቦቹ ይስቁበታል። እሱ አይስቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ሲለካው ሦስት ጣት ሆነ። አሁንስ ጨነቀው። እናቱን በመጽሐፍ የገደለ ተብሎ እንዴት ይኖራል? እየሮጠ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡት ሽማግሌ ዘንድ ሄደና፣ «ጋሼ፣ ግማሹን ይውሰዱልኝ፤ ዛሬውኑ» አላቸው።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «አንተ? ልትሸጥ? ይሁን፣ ከሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ትናንት የገባ አለ፣ ዓይንህን ብቻ ጣል አድርግበት።»

ዓመል ያወጣል ከመሃል። ዓይኑን ጣለ፣ ቀጥሎ እጁን፣ ቀጥሎ ኪሱን። ባለ ሦስት ቅጽ ነው፣ ሽፋኑ ጠንካራ። ሦስቱንም አቅፎ ሲወጣ አንድ ሰዓት ሙሉ መቆየቱን አላወቀም።

ሰፈሩ ሲደርስ ጎረቤት በራፉ ላይ ተሰብስቧል። በእናቱ መስኮት ነጭ አቧራ ይወጣል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሏል ይህ ነው። ቅጾቹ ከእጁ ወደቁ። «ቆይ፣ ስማን እንጂ» ያሉትን ሳይሰማ በመሃላቸው ጥሶ ገባ።

አልጋው አይታይም። ከላይ የወረደው ግንድ ለሁለት ተሰብሯል፣ በላዩ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ መጽሐፍ በመጽሐፍ። «እማዬ፣ እማዬ» እያለ በእጁ ይቆፍር ጀመር። ሚስማር መዳፉን ቀደደው፤ አልተሰማውም። አንዱን ሲወረውር ሌላው ይንሸራተትበታል። አብዛኞቹ ከተገዙ ጀምሮ ተገልጠው አያውቁም። በመጨረሻ እጁ ብርድ ልብሱን አገኘ። ትንፋሹን ውጦ ሳበው። ባዶ ነው።

«እዚህ ነኝ» አለው ከኋላው አንድ ድምፅ።

እናቱ የኩሽናው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው አቧራ ለብሷል። እግራቸው ሥር ተደፍቶ ጉልበታቸውን አቀፈና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ጣሪያው ሲጥ ሲጥ ማለት ከጀመረ ወዲህ፣ አንተ ስትወጣ እዚህ ነው የምውለው» አሉት። «ስትመጣ ኮቴህን እሰማና ተመልሼ እተኛለሁ።»

«በስልክ አልጋዬ ላይ ነኝ ስትዪኝ አልነበረም እንዴ? ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

እናቱ የመጽሐፉን ክምር አዩ፣ ከዚያ እሱን።

«ፈርቼ ነዋ» አሉ። «ጣሪያውን አይደለም። ከእኔና ከእነሱ ምረጥ ብልህ፣ ማንን እንደምትመርጥ አላወቅሁማ።»

አናጢው «አንቺን ነዋ» ሊል አፉን ከፈተና፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት አስቦ መልሶ ዘጋው።