የአያልነሽ ካብ

የዚያ ዓመት ክረምት በደጋዋ ዘመሮ ብዙ አጥር ጣለ። የአያልነሽም አጥር ወደቀ። ባሏ መኳንንት ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ያቆመው የባሕር ዛፍ አጠና ነበር፤ ሥሩ በስብሶ ኖሮ ነፋሱ መንገድ ላይ አነጠፈው። ሳምንት ሳይሞላ ከሁለት በጎቿ አንዷን ጅብ ወሰደባት።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ የምትሠራው ልጇ የምሥራች ይህን ስትሰማ ገንዘብ ላከች። «ቆርቆሮ አስመቺ፤ ያምራል» አለቻት በስልክ።

አያልነሽ ግንበኛውን ፈንታን አስጠራች። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ እጁ እንደ ድንጋዩ የሻከረ ሰው ነው። ሲባጎውን እየዘረጋ ግቢውን ዞረው።

«እትዬ አያልነሽ፣ ቆርቆሮ ይቅርብዎት» አላት። «የቆርቆሮው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጭነቱ አለ፣ ማገሩ አለ፣ ሚስማሩ አለ። የዚህ አገር ነፋስ ደግሞ እንደ ወረቀት ነው የሚገነጥለው። አጠናም ወደ አዲስ አበባ እየተጫነ ተወዷል።»

«ድንጋይስ?»

«ድንጋይ የሚያስወድደው መንገዱ ነው። ከወንዝ በአህያ ከመጣ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። እርስዎ ግን ግቢው ውስጥ የፈረሰው የድሮ ቤት ድንጋይ እዚሁ አለልዎት፤ የቀን ሥራዬን ብቻ ነው የሚከፍሉኝ። ይሄ ወገን ተዳፋት ስለሆነ መሠረቱን በደረጃ መቁረጥ አለብኝ፣ አንድ ቀን ይበላል። በሩ ደግሞ አንድ ይሁን፤ በር በጨመሩ ቁጥር ጣውላና ማጠፊያ ነው።»

«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«እስከ ደረት ከሆነ ስድስት ቀን። በጓ ማታ ጋጣ ከገባች እሱ ይበቃል።»

በማግስቱ ጀመረ። አያልነሽ የበግ ጠጉሯን ይዛ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች፤ እየፈተለች ታየዋለች። ፈንታ ሲሠራ ያወራል። ድንጋዩን እያገላበጠ «አንተ እንኳ እዚህ አትሆንም» ይለዋል፤ ሲገጥምለት ደግሞ ያመሰግነዋል። ምሳ ላይ ስለ ልጆቹ ነገራት። ጓሳ ተራራ ላይ ሣር ለማጨድ ሄዶ ዝናብ ሲይዘው፣ ያጨደውን ሣር ተሸፋፍኖ ተኝቶ ጓደኞቹ ሣር መስሏቸው አህያ ላይ እንደጫኑት ሲያወራላት አያልነሽ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። መኳንንት ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የወንድ ድምፅ እንደዚያ ቀኑን ሙሉ ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ቀን ላይ ቂጣ ጋገረችለት፤ በሦስተኛው ጠላ ጠመቀች። በአምስተኛው ቀን ካቡ ከደረቷ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

«ከፍ ቢልስ?» አለችው። «ጅቡ ይዘልብኛል።»

«አይዘልም።»

«ግድ የለህም፣ ከራስ በላይ አድርገው።»

ፈንታ አንዴ አያትና ጨመረው። ሦስት ቀን ፈጀበት። ያ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

«እዚህም ብትሠራልኝ።»

«እትዬ አያልነሽ፣ ይሄ እኮ ገደል ነው። በዚህ በኩል ጅብም ሌባም አይመጣም።»

«ልጅ ቢወድቅስ?»

«የማን ልጅ?»

ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች። ፈንታ ቃሉ እንደከበዳት ያወቀው ከተናገረ በኋላ ነው። መዶሻውን መሬት ላይ አኖረ፣ ደግሞ አነሳው።

«ራቤል ከተማ ሥራ ይዤ ነበር» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰዎቹን ሦስት ቀን አስጠበቅኋቸው። ነገ ካልሄድኩ ሌላ ሰው ይቀጥራሉ።»

የሠራበትን ቀን ሒሳብ ቆጥራ ሰጠችው። እስከ በሩ ሸኘችው።

የምሥራች የወጣውን ገንዘብ ስትሰማ ደነገጠች። «እማዬ፣ ለምን ይህን ያህል በዛ?»

«ተዳፋቱ ነው» አለች አያልነሽ። «ድንጋዩም አነሰና ከወንዝ መጣ። አሁን ሁሉ ነገር ተወዷል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከበፊቱም የባሰ ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት ሴቶች ዱሮ ቆም ብለው «እንደምን አደርሽ?» ይሏት ነበር። አሁን ከካቡ ወዲያ ድምፃቸው ይመጣና ያልፋል። ከፈረሰኛ ራስና ከጃንጥላ ጫፍ በቀር የሚታያት የለም። አንድ ቅዳሜ ገበያተኛው ሲያልፍ የወዳጇን የአበዛሽን ድምፅ ለይታ «አበዛሽ!» ብላ ተጣራች። ሰው ሁሉ እያወራ ስለነበር የሰማት የለም።

ሰኞ ጠዋት በርጩማ አቁማ ወጣችበትና የላይኛውን ድንጋይ ጎትታ ወደ ውስጥ ጣለችው። ቀጥሎም ሌላውን። ሁለት ቀን ሙሉ አፈረሰች። ክንዷ ተላላጠ፣ ወገቧ አልቃና አለ፤ እስከ ደረቷ ስታወርደው ግን ተወችው።

ኅዳር ላይ ፈንታ ከራቤል ሲመለስ በዚያ አለፈ። ካቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«ፈረሰ እንዴ? የኔ ሥራ ነው እንዲህ የሆነው?»

«ያንተ ሥራ ምን ይፈርሳል። እኔ ነኝ ያፈረስኩት። ሰው አላሳይ አለኝ።»

«ከፍታው እንደማያስፈልግዎት አውቅ ነበር» አላት ፈንታ። «በግልጽ መንገር ነበረብኝ።»

«ብትነግረኝም አልሰማህም ነበር።»

ከረጢቱን አስቀመጠ። ከወደቀው ድንጋይ ሰፋፊውን መርጦ፣ ውኃ እንዳይገባበት የካቡን አናት አለበሰው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራ። አያልነሽ ጠላ ሰጠችው፤ ጨምርልኝ አላለችውም። ገንዘብ ስትዘረጋለት እጇን መለሰው።

ሲሄድ ስልኳን አነሳችና ደወለች። የምሥራች ሥራ ላይ ነበረች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ስለ አጥሩ የነገርኩሽ ውሸት ነው። ድንጋዩ እዚሁ ነበር። ሰውየው ቶሎ እንዳይሄድብኝ ብዬ ነው ያስጨመርኩት።»

ከወዲያ የማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። አያልነሽ የተቆረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ አየችው።

«አለሁ» አለች የምሥራች። «አለሁ እማዬ። አሁን አለቃው ቆሞብኛል። ስወጣ ልደውል?»

«ደውዪ።»

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ደወለች። አያልነሽ ምን እንደምታወራት ስላላወቀች፣ ጓሳ ላይ ሣር ተሸፋፍኖ ስለተኛው ሰው ነገረቻት።