ሽታ የሌለው ፎቶግራፍ

ከዳካ በስተደቡብ ባለችው በዚያች የወንዝ ዳር ከተማ፣ የሕክምና ተማሪ መኝታ የሚያገኘው ከትምህርት ቤቱ አይደለም፤ ከፓርቲው ልጆች ነው። ሙንታሲር ይህን የተረዳው ሻንጣውን ይዞ በመጣ ዕለት ነበር። ፖላሽ የሚባለው የፓርቲው የተማሪዎች መሪ፣ ፈተና እየወደቀ ግቢውን ርስቱ ያደረገ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች ገላመጠውና፦

«ድምፅህ እንዴት ነው?» አለው።

«ደህና ነው፣ ፖላሽ ባይ።»

«ባይ» ወንድም ጋሼ ማለት ነው፤ በዚያ ግቢ ግን ጌታዬ ከማለት አይተናነስም።

«እንግዲያው ጩህ። መኝታህ ያለችው ጉሮሮህ ውስጥ ነው።»

ጮኸ። መጀመሪያ ለመኝታው ሲል ነበር፤ እየቆየ ግን አመነበት። ታላቅ እህቱ ምጥ ይዟት፣ ጀልባ ሲጠበቅላት የሞተችበት ደሴት ልጅ ነው። «በየደሴቱ ሐኪም! ድሃው ደማችን ነው!» እያለ ሰልፍ ሲመራ የእውነቱን ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ ታማሚ ክፍል መግባት ጀመረ። እዚያ ቶፋጀል የሚባል ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ተኝቷል። የስኳር በሽታ አንድ እግሩን አበስብሶታል። የቀዶ ጥገና ተራው ሲደርስ፣ ከላይ ስልክ የተደወለለት ሌላ ሰው ይገባና እሱ ይቀራል። ቁስሉን የሚጠርግለት ሙንታሲር ነው። ሽታው አፍንጫ ይበጥሳል። ሽማግሌው ግን ይቀልድ ነበር፦ «ዶክተር ሳሃብ፣ እግሬ ከእኔ ቀድማ ሞታለች፤ ቅበሩልኝና ልገላገል።»

ምርጫ ሊደርስ አካባቢ ሚኒስትሩ ሆስፒታሉን ሊጎበኝ ነው ተባለ። በዕለቱ ጠዋት ፖላሽ አፍንጫውን ይዞ ታማሚ ክፍሉ ውስጥ ተንጎራደደ።

«ይሄ የሸተተ ሽማግሌ ከዚህ ይጥፋልኝ። ሙንታሲር፣ አንተ!»

ሙንታሲር አልጋውን ገፋ። ከኮሪደሩ ጫፍ የተሰባበረ ወንበርና አልጋ የሚጣልበት ክፍል አለ።

«ወዴት ነው?» አለ ቶፋጀል።

«ለትንሽ ጊዜ ነው ቻቻ። እንግዳ ይመጣል።» ቻቻ አጎቴ ማለት ነው።

«ልክ ናችሁ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል» አለ ሽማግሌው። ከልቡ ነበር። ቢሰድበው ለሙንታሲር ይሻለው ነበር።

ሲመለስ አልጋዎቹ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፎ፣ የፓርቲው ልጆች ታማሚ መስለው ተጋድመዋል። አብሮት የሚያድረው ሪፋት ጭንቅላቱን በፋሻ ተጠቅልሎ፣ አንሶላ ውስጥ ተደብቆ ቢሪያኒ ይጎርሳል።

«ምንህን ነው ያመመህ?»

«እኔ እንጃ፤ ፖላሽ ባይ ጭንቅላት ነው ብሎኛል» አለ ሪፋት ሩዙን እያላመጠ።

ሚኒስትሩ የጽጌረዳ አበባ እየተበተነለት ገባ። ካሜራዎቹ ከበቡት። የሪፋትን ፋሻ ዳሰሰና «ያምሃል ልጄ?» አለ። ሪፋት እንባውን አፈሰሰው። ሚኒስትሩም አለቀሰ። ጢሙ ላይ የሩዝ ፍርፋሪ የተንጠለጠለበት ልጅና ሽቶ ያወደው ሰውዬ ተቃቅፈው ሲነፋረቁ አጨብጫቢው ሁሉ አብሮ ተነፋረቀ። ፖላሽ ሙንታሲርን በክርኑ ጎሸመው፦ «ምን ይዘጋሃል? ጩህ እንጂ!»

አፉን ከፈተ። የመጣለት ሐሞት ብቻ ነበር።  ያንን ሁሉ ዓመት የጮኸው ቃል ምላሱ ላይ እሬት ሆነበት። ሰዉን እየገፋ ወጣ፤ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደ። ቶፋጀልን ዝንብ ወሮታል።

«ቻቻ፣ እንግዳው ያለበት ልወስድህ ነው።»

አልጋውን እየገፋ ታማሚ ክፍሉ መሐል፣ ካሜራዎቹ ፊት አቆመው። ሽታው ከጽጌረዳው በላይ ሆነ። አጨብጫቢው ወደ ኋላ ሸሸ። ሚኒስትሩ መሐረቡን መዥረጥ አድርጎ ወደ አፍንጫው ሲያነሳ ካሜራውን አየ። መሐረቡ መንገድ ቀየረ፤ ዓይኑን አበሰበት። ከዚያ ተንበርክኮ የበሰበሰውን እግር በሁለት እጁ ያዘና «ይህ አባቴ ነው!» አለ። ካሜራው ተንጫጫ።

በማግሥቱ ፎቶው በየጋዜጣው ወጣ። ቶፋጀልም ያን ጊዜውኑ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር፤ ስልክ ከላይ ተደውሎ።

ፖላሽ ሙንታሲርን ግቢ ውስጥ አንቆ ሳመው። «አንተ ሰይጣን! ይሄን ከየት አመጣኸው? ከእንግዲህ የተማሪዎች ማደሪያው የፓርቲ ጸሐፊ አንተ ነህ!»

«እኔ ያመጣሁት ሰው ጉዱን እንዲያይ ነው።»

«አየዋ! አገር ሁሉ አየው!» ብሎ ፖላሽ በሳቅ ፈነዳ።

ሙንታሲር ቶፋጀል ዘንድ ሄደ። ፎቶው ከራስጌው ተለጥፏል።

«አላህ ዕድሜ ይስጠው» አለ ሽማግሌው። «እጁ እንዴት እንደሚለሰልስ ብታይ!»

ሙንታሲር አልቻለም። «ቻቻ፣ እኮ እሱ ሊመጣ ነው ተብሎ አይደል እዚያ ዕቃ ክፍል ውስጥ የተጣልከው!»

ቶፋጀል ያለ ምንም ቂም፣ «የጣልከኝስ አንተ ነህ ልጄ» አለው።

 ሙንታሲር በሚኒስትሩ፣ በፖላሽ፣ በሪፋት ላይ ይተፋው የነበረው ሁሉ ዞሮ የራሱ ፊት ላይ አረፈ። አልጋውን ግፋ ሲሉት አላንገራገረም ነበር፤ ያስጠላው ይኸው ነው። ቁጭ ብሎ የቀዶ ጥገናውን ቁስል ጠረገለት።

በዚያው ቀን ለፖላሽ «ጸሐፊም አልሆንም፤ ከእንግዲህም አልጮህም» አለው። ፍራሹና መጽሐፎቹ ዝናብ ባቆረው ውኃ ውስጥ ተጣሉ። ከዓሣ ገበያው በላይ ካለች ጠባብ ክፍል ገባ። ትምህርት ላይ ተገኝቶ ሳለ በፖላሽ ሰዎች ቀሪ እየተባለ ተጻፈበትና ዓመቱን እንዲደግም ተደረገ።

አባቱ ወሬውን ሰምቶ ከደሴቱ በጀልባ መጣ። ሩዝና ዓሣ በልተው ሲጨርሱ፦

«ከሰዎቹ ጋር ተጣላህ አሉ። አሁን የየትኛው ወገን ነህ ታዲያ?» አለው።

«እኔ እንጃ አባ። የማልችለውን ብቻ ነው ያወቅኩት።»

«እንዲህ ያለ መልስ ሰው አያኖርም» አለ አባቱ ተክዞ።  ሙንታሲር እስከ ወደቡ ሸኘው፤ ጀልባው ሲሄድ ቆሞ አየና ለሚደግመው ፈተና ሊያጠና ተመለሰ።