«አይነካ» የተባለው መስመር

መስመር ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ሰረዘችው። ከሥሩ ያለውንም ሰረዘችው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ «ጊዜያዊ ነው፣ ሰኞ አነሳዋለሁ» የሚል ማስታወሻ ተጽፎበታል። ቀኑን አየችው። ያ ሰኞ ካለፈ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«ይኸው ሰኞ ደረሰልህ» አለች ለብቻዋ፤ እሱንም ሰረዘችው።

በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል ሦስት ሰዎች በሦስት ኮምፒውተር ይሠራሉ፤ ሦስቱም ኮምፒውተሮች የሚታዘዙት ለአንድ የኮንፊግ ፋይል ነው። ፋይሉ የተርሚናሉ ነው፤ ያ ትእዛዝ በፊደል ብቻ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት። የፊደሉ መጠን፣ የመስኮቱ ቀለም፣ የትኛው ቁልፍ ሲነካ ምን እንደሚሆን፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ሰፍሯል። አንዱ ፋይሉን ከለወጠ ለውጡ በደቂቃ ውስጥ ወደ ሦስቱም ይገለበጣል። ይህን ያመጣችው ራሷ ናት፤ ከአሥር ዓመት በፊት «አንድ ወጥ እንሁን» ብላ። አንድ ወጥ የሆነው ግን ዝርክርክነቱ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ትዕግሥቷን ያስጨረሳት ደግሞ ቄንጠኛው ነው። ቄንጠኛው የሚሉት ሦስተኛው ባልደረባቸው ትናንት ፈቃድ ሲወጣ ፋይሉን እንደ ልማዱ አስጊጦት ሄዷል። ኮፒ ያደረገችውን ልትለጥፍ ሁለት ቁልፍ ስትነካ መስኮቱ ተዘጋባት። ደግማ ከፈተችው፤ ደግሞ ተዘጋ። በሦስተኛው መዘጋቱን ትቶ ፊደሉ አበጠና አንድ ቃል ብቻውን ስክሪኑን ሞላው። ደሟ ፈላ። የያዘችውን የፕሪንተሮች ጥገና ወደ ጎን አድርጋ ፋይሉን ከፈተችው፤ ስድስት መቶ አሥራ አራት መስመር።

ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መጥረጊያ» ይሏታል፤ ታውቃለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር፤ እሷ ግን የተዝረከረከ ነገር ስታይ ገላዋን ስለሚያሳክካት ስሙን አልጠላችውም።

ያናደዳት የመስመሩ ብዛት ብቻ አይደለም። በዚህ ክፍል አንድ መስመር የጨመረ ሰው ሁሉ ከጎኑ «አይነካ» ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያት የሚጽፍ ግን የለም። ከመስኮቱ ጀርባ የቄንጠኛው የእግር ኳስ ቡድን ፎቶ እንዲታይ የሚያደርገው መስመር «አይነካ» ይላል። ሰው በተሳሳተ ቁጥር እንደ በር ደወል የሚጮኸው መስመር «አይነካ» ይላል። አንዱማ «አይነካ፤ ለምን እንደሚሠራ አላውቅም» ይላል። ቆጠረቻቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም አይነካ ከሆነ ማን ሊነካ ነው?

እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። ሦስት ጊዜ የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ አደረገች። አሥራ አራት ዓይነት የፊደል ቅርጽ ነበር፤ አንዱን ብቻ አስቀረች። ቀለሞቹ ዘንድ ስትደርስ አሥራ አንድ ክምር አገኘች፤ ፊደልና ቁጥር የተደባለቀባቸው፣ ሲያዩዋቸው የትኛው ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ የማይታወቅ። ከመካከላቸው አንዱ «አይነካ። ጋ.» ይላል። «ጋ.» ጋሼ ናቸው፤ የቀጠሮ መዝገቡን የሚጠብቁት አንጋፋው ባልደረባዋ። በጀርባቸው ስታልፍ አንዱ መስኮታቸው ደብዛዛ ቀይ ሆኖ አይታዋለች። ጋሼ ክረምት ከበጋ ቀይ ሹራብ ነው የሚለብሱት፤ ቀይ ይወዳሉ ብላ አልፋዋለች።

«በጡረታ ዋዜማ ጌጥ» አለችና አሥራ አንዱንም ክምር በአንድ ጊዜ ጠረገቻቸው። ጥቁር መደብ፣ ነጭ ፊደል፣ አለቀ።

አራት ሰዓት ሲሆን ፋይሉ ሰማንያ ስምንት መስመር ሆነ። ሳታስበው ፈገግ አለች። ሴቭ አደረገችው፤ ወደ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ተገለበጠ። ጋሼ ከሐኪሞቹ ስብሰባ ሲመለሱ ልትነግራቸው አስባ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

«የውሃ ፓምፑ የዋስትና ወረቀት የት ነው ያለው?»

«መሳቢያው ውስጥ።»

«መሳቢያው ውስጥ ያለው አየር ነው። ቅዳሜ አስተካከልኩት አላልሽም?»

«ማስተካከል መጣል ነው እንዴ?»

«አንቺ ዘንድ? አዎ።»

«እኔ አልነካሁትም» አለች። ወረቀቱን ከአሮጌ ጋዜጦች ጋር አብራ መጣሏ ትዝ ያላት ይህን እየተናገረች ሳለ ነው፤ የወጣ ቃል መመለስ ግን አይሆንላትም።

«ሠሪው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው እኮ።»

«እንግዲህ ልጆቹን ጠይቃቸው!» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ከባሏ ጋር በልቧ ስትጨቃጨቅ ቆየች፤ ለጋሼ ልትነግራቸው የነበረው ነገር በዚያው ጠፋት።

ጋሼ ገብተው ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ ሰቀሉ። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሥራ አላቸው፤ በሙከራው ሰርቨር ላይ ያለውን የቀጠሮ ዝርዝር ባዶ አድርገው በአዲስ ይሞሉታል። ሐኪሞች አዲስ ነገር የሚሞክሩት እዚያ ላይ ነው። የታካሚዎቹ እውነተኛ ቀጠሮ ያለበትን ዋናውን ሰርቨር በአንድ መስኮት፣ የሙከራውን በሌላ መስኮት ከፍተው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸዋል። ዘጠኝ ዓመት ሠርተውታል፤ እጃቸው ያውቀዋል።

ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ናት።

«ምን ሆናችሁ ነው? እዚህ ያለው ስክሪን ባዶ ሆነብኝ። ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ቆሞብኛል።»

መጥረጊያ ዞር ስትል ጋሼ ሁለት እጃቸውን ከኪቦርዱ አንስተው ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ በቀስታ። «ዋናውን ነው ባዶ ያደረግሁት።»

ሌሊት የተቀመጠውን ቅጂ፣ ባክአፑን ሲመልሱ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተያዙት አርባ ሦስት ቀጠሮዎች ከባክአፑ በኋላ ስለሆኑ ጠፍተው ቀሩ። እነሱን ከየካርዱ አንድ በአንድ መልሶ መጻፍ ግድ ሆነ። መጥረጊያ ደረጃውን ስትወጣ ስትወርድ ዋለች። ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት እጇን ይዛ «የሦስት ወር ወረፋ ጠብቄ ነው፤ ጠፋ እንዳትሉኝ» አለቻት። «አልጠፋም» አለቻት፤ መጥፋት አለመጥፋቱን ሳታውቅ። ምሳዋን ሳትበላ ስምንት ሰዓት ሆነ። በየደረጃው ጋሼን በሆዷ ስትረግማቸው ነበር። ሰው እንዴት የሚጽፍበትን አያይም? ዓይናቸው ከደከመ ለምን አይናገሩም?

የመጨረሻው ካርድ ተጽፎ ሲያልቅ አለቃው መጣ። ከእነሱ በኋላ የተቀጠረ፣ እነሱን አልፎ አለቃ የሆነ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፤ ወንበር ስቦ ከጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠና አንድ የዝውውር ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ማንም አልተቆጣዎትም። ግን ዛሬ እግዜር ነው ያተረፈን። ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት፤ ካርድ ክፍል ሆነው በእርጋታ ቢጨርሱት ምን ይመስልዎታል?»

«ፋይል ልደረድር?»

«እረፍት ነው ብለው ይውሰዱት። ዓይንም ይደክማል፤ ሰው ነን።»

«ጥቁር መስኮት ላይ ነው የጻፍኩት» አሉ ጋሼ። «ጥቁር ካልነበረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

አለቃው አንገቱን ደፋ። «ሁለቱም ጥቁር ናቸው ጋሼ። አሁን አይቼዋለሁ።»

ጋሼ ወደ ስክሪናቸው ዞሩ። አለቃው «ያንብቡት፤ አሥር ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አደረጉት፤ እንደገና አወለቁት።

«ልጄ» አሉ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አትሳቂብኝ።»

«ምን ሆኑ?»

«ይሄ የዋናው መስኮት ቀይ አልነበረም እንዴ? እኔ ራሴ እንዳልሳሳት ብዬ ቀይ ያደረግሁት ይመስለኛል። ቀይ ከሆነ እጅህን ሰብስብ፣ ጥቁር ከሆነ ጻፍ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ እያልኩ ነው የሠራሁት። አሁን ሳየው ግን ጥቁር ነው። ወይስ ይህንንም ያለምኩት እኔ ነኝ?»

መጥረጊያ ክው አለች።

«ልጆቼ ነገር ትረሳለህ ይሉኛል» አሉ ጋሼ። «ባለፈው ቁልፌን በሩ ላይ ትቼ ወጣሁ። እንግዲህ እንዲህ ነው የሚጀምረው መሰለኝ።»

«እስቲ... እስቲ ልየው» ብላ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች።

የአሮጌው ፋይል ኮፒ አላት፤ የምትጥለውን ነገር እንኳ ቀን ጽፋ አስቀምጣ ነው የምትጥለው፣ ኮምፒውተር ላይ ከሆነ። ከፈተችው። አሥራ አንዱን የቀለም ክምር አንድ በአንድ አለፈቻቸው። «አይነካ። ጋ.» ከሥሩ አራት መስመር፤ ዋናው ሰርቨር ሲከፈት መስኮቱ ቀይ ይሁን፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር። ጠዋት ክምሩን ስትጠርገው አንብባው ቢሆን ኖሮ የሚገባ ነገር ነበር። አላነበበችውም። ተናዳ ስለነበር አላነበበችውም።

መጀመሪያ የመጣላት ንዴት ነው፤ በእሳቸው ላይ። ምክንያቱን ቢጽፉት ምን ነበረበት? ሁለት ቃል፣ «ለጥንቃቄ ነው»፣ ይኸው ነው። ቀጥሎ በቄንጠኛው ተናደደች፤ ቀጥሎ በባሏና በፓምፑ። ዞራ ዞራ የምትናደድበት ሰው አለቀባትና ራሷ ዘንድ ደረሰች።

አራቱን መስመሮች ኮፒ አደረገቻቸው። ሰማንያ ስምንቱ መስመር ውስጥ ብትለጥፋቸው ዘጠና ሁለት ይሆናሉ፤ ያም ቢሆን ንጹሕ ፋይል ነው። በደቂቃ ውስጥ የጋሼ መስኮት ይቀላል። አለቃው የሚያውቀው ነገር የለም። ቄንጠኛው ፈቃድ ላይ ነው። ጋሼ ግን ነገ ቀዩን ሲያዩ ምን ይላሉ? ትናንት ዓይኔ ሳተ፣ ይላሉ። ከዚያ ወዲያ አንድም ነገር ባዩ ቁጥር ሰው ይጠይቃሉ፤ ይህ ቀይ ነው ወይ፣ ይህ በር ተዘግቷል ወይ፣ ይህ ልጄ ነው ወይ።

በሌላ በኩል ደግሞ የአለቃው ፊት ታያት። የአርባ ሦስት ሰው ቀጠሮ። ያቺ እናት። «መጥረጊያ ጠረገችን» እያሉ በየቢሮው ሲስቁባት። ስሙን እስከ ዛሬ አልጠላችውም ነበር።

በሩ ተከፈተና አለቃው ገባ።

«እንዴት ነው ጋሼ፣ አነበቡት?»

«አነበብኩት። ልክ ነው፤ ምንም አይወጣለትም» አሉ ጋሼ፤ ኪሳቸውን ዳሰሱ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «እስክሪብቶ ታውሽኛለሽ ልጄ?»

ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት እስክሪብቶ በመስመር ተደርድሯል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው። ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ነው፤ ሁለት ቁልፍ ብትነካ አራቱ መስመሮች ይለጠፋሉ። ጣቷን አነሳች። ፋይሉን ጠዋት እንደተወችው፣ ቀዩ እንደጎደለው፣ በስክሪኑ ግማሽ አደረገችው፤ አሮጌውን በሌላው ግማሽ።

«እስክሪብቶ አልሰጥዎትም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «ወንበርዎን ይዘው ወደዚህ ይምጡ። አንተም ና። አንድ ነገር አሳያችኋለሁ።»

«ምን ተገኘ?» አለ አለቃው።

እሷ የምታየው ጋሼን ነበር።

«ዓይንዎ ደህና ነው ጋሼ። ቀይ ነበር። ዛሬ ጠዋት ሳላነብ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልነገርኩም።»

ጋሼ ወንበራቸውን ከመሳባቸው በፊት መነጽራቸውን አደረጉ። እሷም ሁለቱ በደንብ እንዲያዩት ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው።