የቦይለሩ ካፖርት

ጡረታ የወጡት ልብስ ሰፊ አንድም ቀን ወታደር ሆነው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመኮንኖች ካፖርት ሲሰፉ ስለኖሩና ዛሬም ወገባቸውን ሳያጎብጡ ስለሚራመዱ ብቻ ሰፈርተኛው «ኮሎኔሉ» ይላቸዋል። እሳቸውም ማዕረጉን አልጠየቁም፤ አልመለሱትምም። ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩት በልጃቸው ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ሲሆን የሁለቱም ቤት መብራት የሚያልፈው በአንድ ቆጣሪ ነው።

ነገሩም የተነሣው ከዚሁ ቆጣሪ ነበር። በማተሚያ ቤት የሚሠራው ልጃቸው አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በራቸው ላይ ቆመ። ስለ አየሩ ብዙ ካወራ በኋላ የመብራቱ ሒሳብ ከአቅሙ በላይ እየሆነ መምጣቱን ነገራቸው። ከሁሉ የሚበልጠውን የሚበላው ቀን ከሌት የማይጠፋው የእነሱ ቦይለር ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ጠዋት ብቻ ሠርቶ ማታ ማታ ይጥፋ አለ። በድምፁ ውስጥ ጭንቀት እንጂ ቁጣ አልነበረም።

ልጁ ያላወቀው፣ የማታው ውሃ ለገላ መታጠቢያ የሚፈለግ አለመሆኑን ነው። እናቱ በባላቸው ሱቅ ውስጥ የልብስ ቁልፍ ማስገቢያ በእጃቸው ሲሠሩ ያረጁ ሴት ናቸው። አሁን ቀኑ በገፋ ቁጥር ጣቶቻቸው እየተቆለፉ፣ ሲመሽ ማንኪያ እንኳ መያዝ ይሳናቸዋል። ኮሎኔሉ በየምሽቱ ሳፋውን ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ እስኪፈቱ ድረስ ያሹላቸዋል። ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ ራታቸውን በገዛ እጃቸው ይበላሉ። ውሃውን በምድጃ አፍልቶ ማምጣትም ተሞክሮ ነበር፤ የፈላው ድስት ከኮሎኔሉ እጅ አምልጦ እግራቸው ላይ ከተደፋ ወዲህ ቀረ። ይህን ሁሉ ለልጁ መንገር ቀላል ነበር። ነገር ግን ወይዘሮዋ፣ «ልጄ እንደ ሕፃን ሊያበላኝ ሲነሣ ማየት አልፈልግም» ብለው ባላቸውን አስምለዋቸዋል።

ስለዚህ ኮሎኔሉ የሚቀጥለው ሒሳብ እስኪመጣ ብቻ እንዲታገሣቸው ልጃቸውን ጠየቁ። ካልቀነሰ በገዛ እጃቸው እንደሚያጠፉትም ቃል ገቡ።

ልጁ እንደሄደ መታጠቢያ ክፍል ገብተው፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቦይለር ፊት ቆሙ። መዳፋቸውን ቢያሳርፉበት ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ይፋጃል። ነገሩን ያዩት በሙያቸው ዓይን ነበር፦ ይህ ትኩስ አካል በክፍሉ ውስጥ ራቁቱን ቆሟል። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ወገቡን ለኩ። ልኩን ሲያዩት የሚያውቁት ሰው ልክ ሆነባቸው።

ቁም ሳጥናቸው ውስጥ አንድ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነበር። ያሰፋው ሰውዬ እጅግ ግዙፍ ነበር፤ ካፖርቱ ሳይደርስለት ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረና በዚያው ቀረ። በኮሎኔሉ ሱቅ ሕግ የደንበኛ ልብስ አደራ ነው፤ ባለቤቱ ቢዘገይም አይሸጥም፣ ለሌላ አይሰጥም፣ መቀስ አይነካውም። ሱቁ ሲዘጋ የስፌት መኪናዎቹ እንኳ ሲሸጡ ካፖርቱ ግን አብሯቸው መጣ። ልጃቸውም በልጅነቱ እንዳይነካው ተገሥጾ ያደገበት ልብስ ነው።

ኮሎኔሉ ካፖርቱን አውጥተው ቦይለሩን አለበሱት። እጅጌዎቹን ወደ ኋላ አጥፈው አሰሩ። ከታች ያሉትን የሙቀት መቆጣጠሪያና የግፊት ማስተንፈሻ እንዳይሸፍን ጫፉን ሰብስበው፣ ቁልፎቹን ቆለፉ። አለባበሱ ያማረ ነበር።

ወይዘሮዋ በሩን ተደግፈው ሳቁ። «ጌታው፣ ደንበኛዎ በመጨረሻ መጣ። እግሩ አጥሯል እንጂ ሆዱስ እሱው ነው።»

በተከታዮቹ ቀናትም መታጠቢያ ክፍሉ እንደ ቀድሞው ከመኝታ ክፍላቸው ይልቅ ይሞቅ ነበር፤ መስተዋቱም ሲነኩት ለብ ያለ ነው። ኮሎኔሉ ሙቀቱ የካፖርቱ ሥራ መስሏቸው ኮርተው፣ ባለቤታቸው እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንዲሞቁ ጋበዟቸው። ወይዘሮዋ ጥቂት ተቀመጡ። ከዚያም ጣቶቻቸው አልታዘዝ ስላሏቸው፣ የእጃቸውን ጀርባ በካፖርቱ ጫፍ ሥር አስገቡ።

«ጌታው፣ ያለበስነው ቦይለሩን ነው ወይስ ክፍሉን?» አሉ።

ኮሎኔሉ ክብራቸው ተነካ። ካፖርት ከገላ ጋር እንደማይጣበቅ፣ ለባሹ እንዲተነፍስና ለሰላምታ እጁን እንዲያነሣ ትርፍ እንደሚተውለት፣ ይህንንም እሳቸው ራሳቸው እንደሚያውቁ በዝርዝር አስረዷቸው።

«እኚህ ሰውዬ አይተነፍሱም። ሰላምታ የሚሰጡ ከሆነ ግን ይንገሩኝና ልነሣ።»

ኮሎኔሉ አልሳቁም። ሙቀቱ በዚያው እሳቸው በኮሩበት ትርፍ በኩል እያመለጠ እንደነበር ገብቷቸዋል። መስተዋቱን ለብ ያደረገውም፣ ክፍሉን ያሞቀውም፣ የልጃቸው ሒሳብ ላይ የሚደመረው ነው። ልብሱን ማጥበብ ግን መቁረጥ ማለት ነው። አመሻሹ ላይ የባለቤታቸውን ጣቶች ሲያሹ ትንሿ ጣት እንደወትሮው በቀላሉ አልፈታ አለች። ኮሎኔሉ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ሰውየው ቢመጣ ምን እለዋለሁ?»

«ሚስቴን በረዳት ይበሉት።»

በማግሥቱ ጠዋት ጠመኔያቸውንና መቀሳቸውን አወጡ። መቀሱ ሱፉን ሲነክስ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ የተጨፈነ ዓይን ጠማማ ይቆርጣል። ትርፉን ሁሉ አንሥተው፣ በሱፉና በገበሩ መካከል ለትከሻ መደገፊያ ያስቀመጡትን ጥጥ አደላድለው፣ ልብሱን ከብረቱ ጋር አጣበቁት። አንገቱንና ታችኛውን ጫፍ በገመድ አጠበቁ፤ መቆጣጠሪያውንና ማስተንፈሻውን አሁንም ክፍት ተዉላቸው። በአዲሱ ጠርዝ ላይ የቁልፍ ማስገቢያ ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ግን የባለቤታቸው ሥራ ስለሆነ አልነኩትም፤ በጥብጣብ አሰሩት።

ከዚያ ወዲያ መስተዋቱ ለብ ማለቱን ተወ። መታጠቢያ ክፍሉም ቀዘቀዘ፤ ኮሎኔሉ እየተንቀጠቀጡ ፊታቸውን በሙቅ ውሃ ይታጠባሉ፤ ወይዘሮዋም ከውጭ ሆነው የእሳቸውን ማስነጠስ እየሰሙ ይሥቃሉ።

ልጁ አዲሱን ሒሳብ ይዞ የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። መቀነሱን እየተናገረ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ገባ፤ ብርዱ ተቀበለው። እጁን ዘርግቶ ልብሱን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ፊቱ ተለወጠ።

«አባባ፣ ጭራሽ አጥፍታችሁት ኖሯል። በብርድ ታጠቡ አላልኩም እኮ።»

«ክፈተው» አሉ ኮሎኔሉ።

ልጁ ቧንቧውን ከፍቶ እጁን ከሥሩ አደረገ፤ ወዲያው ፈጥኖ ሳበው። እንፋሎቱ ወጣ። ያን ጊዜ የተቆረጠውን ሱፍ፣ የታጠፈውን ኮሌታ አስተዋለ።

«የሰውየው ካፖርት ነው?»

«ነበር።»

ለምን እንደቆረጡት ጠየቀ። ኮሎኔሉ ለባለቤታቸው የማሉትን አስበው የካፖርቱን ጥብጣብ አጠበቁ። በሩ ላይ ግን ወይዘሮዋ ቆመዋል፤ ጣቶቻቸው ስለማይዙ ባዶውን ሳፋ በክንዳቸው ከጎናቸው ጋር አጣብቀውታል። ልጃቸውን አዩት፤ ባላቸውንም አዩ።

«ከከፈትከው አይቀር ሙላልኝ» አሉ።

ልጁ ሳፋውን ተቀብሎ ሞላ። እናቱ በርጩማው ላይ ተቀምጠው የተጨበጡ እጆቻቸውን ሲነክሩ ቁልቁል ተመለከተ። ተንበረከከና እጁን አብሮ ወደ ውሃው ሰደደ። አባቱ ከትንሿ ጣት እንዲጀምርና እንዳይጎትታት ነገሩት። ጊዜ ወሰደ። ውሃው አንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ቦይለሩ በካፖርቱ ውስጥ ሆኖ በቀስታ ያጉረመርም ነበር።

የመጨረሻዋ ጣት ስትፈታ ወይዘሮዋ እጃቸውን አራገፉ። ከዚያም የልጃቸውን እጅጌ ይዘው፣ በአንድ ክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል አዞሩት።

«የልብስ ሰፊ ልጅ እንዲህ ሆኖ ሥራ ይሄዳል?» አሉና፣ ጣቶቻቸው ሳይቀዘቅዙ መርፌውን እንዲያመጡላቸው ኮሎኔሉን አዘዟቸው።